የአያት ውጅግራና ሠላሳ አራት መልሶች
ስለ ጠመንጃ ሕግ የተደረገ የውይይት ክር

ክሩን የከፈተው በሜሪላንድ የሚኖር የጎጃም ሰው ነው። የጻፈው ረዘም ያለ ቢሆንም ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኘው የአባቱ ቤት፣ ከምሰሶው ላይ የተሰቀለ የአያቱ ውጅግራ አለ። አባቱ ዕድሜያቸው ስለ ገፋ፣ በስልክ ባነጋገሩት ቁጥር ጠመንጃው ለበኩር ልጅ የሚገባ መሆኑን እያነሡ መጥቶ እንዲረከባቸው ይወተውቱታል። እርሱም ወደ አሜሪካ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ለማወቅ የየአገሩን ሕግ ሲያገላብጥ ከረመ፤ አገላብጦ ሲጨርስም ጥያቄውን ትቶ አቋም ይዞ ቀረበ። አቋሙ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነበር፤ ጠመንጃ መያዝን በሕገ መንግሥት መብት ያደረገች ብቸኛዋ አገር አሜሪካ መሆኗን፣ የቀሩት አገሮች በሙሉ እንደሚከለክሉ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በዚህ ረገድ ልማድ እንጂ ሕግ እንደሌላት። ሦስቱም ስሕተት ነበረባቸው፤ ክሩ እስከ 34 መልስ የዘለቀውም ሦስቱን ለማረም ሲባል ነው። ከመልስ ሰጪዎቹ አንዱ እኔ ስለ ነበርሁ ገለልተኛ ነኝ አልልም። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1። የሕግ ትምህርት ያለው የሚመስል ሰው ነበር፤ ሰላምታ አስቀድሞ በትሕትና አረመ። መሣሪያ የመያዝን መብት የሚደነግገው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1791 መጽደቁ እውነት ቢሆንም ብቸኛ አለመሆኑን፣ የጓቲማላና የሜክሲኮ ሕገ መንግሥቶችም በቤት ውስጥ መሣሪያ የማኖርን መብት እንደሚያውቁ ገለጸ። በተለይ የሜክሲኮ ነገር የሚያስገርም ነው። መብቱ በ10ኛው አንቀጽ ተጽፏል፤ ይሁን እንጂ ዜጋው በሕጋዊ መንገድ የሚገዛው ሠራዊቱ ራሱ ከሚያስተዳድረው ሱቅ ብቻ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ያ ሱቅ በመላ አገሪቱ አንድ፣ እርሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ነበር። መብቱን ለመጠቀም የሚፈልግ የሰሜን ጠረፍ ነዋሪ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት ማለት ነው። ጸሐፊው ቼክ ሪፐብሊክንም ጨመረ፤ በ2021 ራስን በመሣሪያ የመከላከል መብት፣ ዝርዝሩ በሕግ እንዲወሰን ሆኖ፣ በመሠረታዊ መብቶች ሰነዷ ውስጥ ገብቷል።

መልስ 2። አጭር ነበር፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ በቀጥታ የመለሰውም እርሱ ነው። አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው ይመስለኛል። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራን ጠመንጃ የጦር መሣሪያ አድርጎ እንደማይቆጥር፣ ጥንታዊ ዕቃ እንደሚለው አስረዳ። ውጅግራ ከ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ የመጣ ስለሆነ፣ የተሠራበት ዓመት ከተረጋገጠ፣ በፌዴራሉ ሕግ በኩል የሚያስፈራ ነገር ብዙ አይደለም።

መልስ 3። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ሆና ደስታውን አቀዘቀዘችው። ችግሩ ያለው በመግቢያው በር ሳይሆን በመውጫው በኩል መሆኑን አሳየች። ዕቃው ቅርስ ሆኖ ከተቆጠረ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ ቅርስ ካልሆነ ደግሞ ጠመንጃ ነው፤ ጠመንጃ ከሆነ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ይመለከተዋል። አገሪቱ ሕግ የላትም የተባለውን የነቀፈችው በዚሁ አጋጣሚ ነው። አዋጁ መሣሪያ መያዝ በፈቃድ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ መታጠቅ ልማድ በሆነበት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎችም በእጃቸው ያለውን አስመዝግበው ወደ ፈቃዱ ሥርዓት እንዲገቡ መንገድ ያበጃል። ልማዱን እንዳላየ አላለፈውም ማለት ነው፤ ከዚያ አስቀድሞም የወንጀል ሕጉ ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን ይቀጣ ነበር።

ከመልስ 4 እስከ 8 ውይይቱ ጥቂት ሸሸ። የጎንደር ሰው መሆናቸውን የገለጹ አንድ አዛውንት ምንሽርን፣ አልቢንን፣ ናስማሰርን፣ ጓንዴን፣ ዲሞፍተርን እየጠሩ የእያንዳንዱን አጎራረስ ተረኩ፤ ውጅግራ የሚለው ስምም ፉዚል ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የተወለደ መሆኑን አስታወሱ። የተከተሉት የጠያቂው አያት ጠመንጃ ዐድዋ ደርሶ እንደሆነ ተከራከሩ። በማስረጃ የተደገፈ ነገር ስላልነበረበት አልፈዋለሁ፤ ነገር ግን አዛውንቱ የጻፉት አንድ ቁም ነገር ኋላ ጠቅሞናል። በርሳቸው አገር ጠመንጃ የሚለካው በበሬ እንደ ነበር፣ ሁለት በሬ የሸጠ ሰው የተሻለውን ይዞ እንደሚመለስ፣ ሻጩም ገዢውም ለማን እንደሚያስታውቁ የሚያስቡት ነገር እንዳልነበር ጽፈዋል።

መልስ 9 የእኔ ነው። ሕጎቹን ጥብቅና ልል እያሉ በአንድ መስመር መደርደር እንደሚያሳስት፣ ዋናው ልዩነት ማስረዳት ያለበት ማን ነው በሚለው ላይ መሆኑን ጻፍሁ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ገዢው ለምን እንደሚፈልግ አይጠየቅም፤ ከተከለከሉት ወገኖች አንዱ አለመሆኑ ብቻ ይጣራል፤ ለመንፈግ ምክንያት ማቅረብ ያለበት መንግሥት ነው። በአብዛኛው አውሮፓ፣ በአውስትራሊያና በጃፓን ግን በቂ ምክንያት ያለው መሆኑን የሚያስረዳው አመልካቹ ነው። እስከዚህ ድረስ አሁንም አልለወጥሁም። ከዚያ በኋላ ግን እንግሊዝ በስኮትላንድ የደንብሌን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1996 16 ሕፃናትና አንዲት መምህርት ከተገደሉ ወዲህ የግል ጠመንጃን ፈጽማ መከልከሏን ጨመርሁ። ይህን ባልጽፍ ይሻል ነበር።

መልስ 10። በርሚንግሃም የሚኖር ሰው ሳይቆጣ፣ ነገር ግን ሳይምር አረመኝ። በ1997 የታገደው ሽጉጥ እንጂ ጠመንጃ ሁሉ አይደለም፤ እገዳውም በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የሚሠራ ሲሆን በሰሜን አየርላንድ ሽጉጥ ዛሬም በፈቃድ ይያዛል፤ ያውም ሕይወቱ የሚያሰጋው ሰው ለራሱ ጥበቃ ሊፈቀድለት ይችላል። ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ያቀረብሁትን መለኪያ ወስዶ ከእኔ የተሻለ የተጠቀመበት መሆኑ ነው። በዚያው በብሪታንያ ሕግ ውስጥ ባለ ጥምዝ አፈሙዙን ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው በቂ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት፤ እርሳስ የሚበትነውን የአደን ጠመንጃ የሚፈልግ ግን ፈቃዱ የሚነፈገው ፖሊስ በቂ ምክንያት እንደሌለው ካመነ ነው። የማስረዳቱ ሸክም በአንድ አገር፣ በአንድ አዋጅ ውስጥ ከአመልካቹ ወደ ፖሊሱ ተዛውሯል። ስሕተቴን ተቀብዬ አመሰገንሁት።

መልስ 11 ከፍራንክፈርት ነበር። የጀርመን ሕግ አመልካቹ የሚያስፈልገው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ አዳኝ ከሆነ የአደን ፈተናውን ያለፈበትን፣ የዒላማ ስፖርተኛ ከሆነ ቢያንስ 12 ወር በማኅበር ውስጥ አዘውትሮ የተኮሰ መሆኑን ያቀርባል። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያመለክት የሥነ ልቦና ምርመራ በራሱ ወጪ አድርጎ መምጣት አለበት። መሣሪያው በብረት ካዝና እንደሚቀመጥ፣ ተቆጣጣሪዎችም ቤት ድረስ መጥተው ሊያዩ እንደሚችሉ ጽፎ፣ ጎረቤቱ አዳኝ በዚህ ከመማረር ይልቅ ካዝናውን ለእንግዳ ማሳየት እንደሚወድ በቀልድ አከለ።

መልስ 12 ስዊዘርላንድን አነሣ፤ እንዲህ ባለ ክርክር ሁሉ ወገን ለየራሱ የሚጠቅሳት አገር ናት። ወታደሩ በአገልግሎት ዘመኑ ጠመንጃውን ቤቱ ያኖራል፤ አገልግሎቱን ሲፈጽም በፈቃድ ሊያስቀረው ይችላል፤ ተራው ገዢም ለስፖርት፣ ለአደን ወይም ለስብስብ ከሆነ ምክንያት አይጠየቅም። ነገር ግን ከ2007 ወዲህ ለወታደሩ ታሽጎ ይሰጥ የነበረው 50 ጥይት ቀርቷል፤ ታጥቆ በአደባባይ ለመሄድም ፈተናና የተረጋገጠ ስጋት ያስፈልጋል። በ2011 ሕዝቡ የሠራዊቱ ጠመንጃ ከቤት ወጥቶ ግምጃ ቤት ይግባ የሚለውን ሐሳብ በድምፅ ጣለ፤ በ2019 ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የሚያጣጥመውን ማጥበቂያ አጸደቀ። መልስ ሰጪው ስዊዘርላንድን ለክርክር የሚጠቅስ ሰው ሁለቱንም ድምፆች አብሮ እንዲጠቅስ አሳሰበ።

መልስ 13 የክሩን አየር ለወጠው። ጸሐፊው ከዳላስ ነው። እስከዚያ የተዘረዘረውን ሁሉ ጌታውን ፈቃድ የሚለምን ሎሌ ታሪክ አድርጎ ከመነሻው ናቀው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 መብቱ የግለሰብ መሆኑን እንደ ወሰነ፣ በ2022 ደግሞ የኒው ዮርክን ሕግ፣ ታጥቆ ለመውጣት ልዩ ምክንያት ይቅረብ የሚለውን፣ እንደ ሻረ፣ በቴክሳስም ከመስከረም 2021 ወዲህ ሽጉጥ ለመታጠቅ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ እንዳልሆነ ዘረዘረ። የእኔን መልስ የወረቀት ፍልስፍና አድርጎ ቢያጣጥለውም፣ የጠቀሰው የኒው ዮርክ ፍርድ ለእኔ ነጥብ ከዚያ የተሻለ ምስክር የማይገኝለት ነበር። ቀጥሎም ወደ አገራችን ታሪክ ዞረ። በ1890 የብራስልስ ስምምነት ኃያላኑ ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ መወሰናቸውን፣ ጣልያን በ1935 ስትወርረን ደግሞ ብሪታንያና ፈረንሳይ መሣሪያ መከልከላቸውን አስታውሶ፣ ይህን ያየ ሕዝብ ልጅ ስለ ቁጥጥር ጥቅም ሲሰብክ ማየት እንደሚያሳፍረው ጻፈ።

መልስ 14 በዚያው ቋንቋ መለሰለት። የ1935ቱ ክልከላ የተጣለው በመንግሥት ላይ እንጂ በዜጋው ላይ አለመሆኑን፣ የአገር መታጠቅና የጎረቤት መታጠቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ይህን መለየት ያቃተው ሰው ታሪክ ባይጠቅስ እንደሚሻል ገልጾ ዘጋ። መልስ 15 ላይ አዛውንቱ ተመልሰው ሁለቱንም ገሠጹ፤ በዐድዋ ዘመን ዘማቹ ስንቁንና አቅም ያለውም ጠመንጃውን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ስለ ነበር የአገርና የግል የሚባለው ድንበር ያን ያህል የጠራ አለመሆኑን አስረዱ። ይህ ጥሩ ነጥብ ነበር፤ ሊቀጥል ይችልም ነበር። ነገር ግን መልስ 16 የዛሬውን ጦርነት አንሥቶ ወገን ለይቶ መሳደብ ስለ ጀመረ አስተባባሪው ሰረዘው፤ በቦታው የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው።

መልስ 17። በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ መሆኗን የጻፈች እህት ናት። ከማንም ወገን ሳትቆም፣ በአሜሪካ በ2021 በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ መሆናቸውን አስቀመጠች። ውይይቱ እስከዚያ ድረስ ስለ ሌባ፣ ስለ ወራሪና ስለ አምባገነን ብቻ እንደ ነበር፣ በሥራዋ የምታያቸው ቤተሰቦች ግን የሚያለቅሱት መሳቢያ ውስጥ ስለ ነበረው የራሳቸው ሽጉጥ መሆኑን ጻፈች። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ሞት በሌላ ስም እንደሚነገር፣ ለለቅሶ የተቀመጠው ሰውም የሚያውቀውን እንዳላወቀ እንደሚሆን ጠቆመች። ከእርሷ በኋላ ለአንድ ቀን ተኩል ማንም አልጻፈም።

መልስ 18 ከሜልበርን መጥቶ ዝምታውን ሰበረ። በታዝማኒያ ፖርት አርተር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1996 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ የጆን ሃዋርድ መንግሥትና ክፍለ ግዛቶቹ በ12 ቀን ውስጥ መስማማታቸውን፣ ወደ 650,000 የሚጠጋ ጠመንጃም በካሳ ተሰብስቦ መቀጥቀጡን ተረከ። ከሁሉ የሚለየው ግን ራስን መከላከል በአውስትራሊያ ለፈቃድ በቂ ምክንያት ሆኖ አለመቆጠሩ ነው፤ አርሶ አደር፣ አዳኝ ወይም ስፖርተኛ መሆን ያስፈልጋል። መልስ 19 ኒው ዚላንድን ጨመረ፤ በ2019 በክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ አብዛኛውን ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያ ያገደው ሕግ በአንድ ወር ውስጥ በ119 ድምፅ በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል። የዳላሱ ሰው መልስ 20 ላይ ጃፓንን አነሣ፤ ሙሉ ቀን ትምህርት፣ ፈተና፣ የአእምሮ ጤና ምርመራና የፖሊስ ጉብኝት በሚጠየቅበት አገር የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በሐምሌ 2022 በጥይት መገደላቸውን ጠቅሶ ሕጉ ምን አተረፈ የሚል ነበር። መልስ 21 ገዳዩ የተጠቀመበት በእጁ የሠራውን መሣሪያ መሆኑን፣ ምክንያቱም የሚገዛው ባለመኖሩ እንደሆነ አመለከተ። ሁለቱም ይኸው አንድ ክስተት ለየራሳቸው መሰከረላቸው፤ እኔ የሁለተኛው ይበልጥ ይከብድብኛል።

መልስ 22 ርሖቮት የሚኖር ቤተ እስራኤላዊ ነው። እስራኤል በታጣቂ ሰው የተሞላች ብትመስልም አብዛኛው የሚታየው የሠራዊቱ መሣሪያ መሆኑን፣ የግል ሽጉጥ ግን በፈቃድ ብቻ እንደሚያዝ አብራራ። አመልካቹ በተወሰነ አካባቢ መኖሩን ወይም መሥራቱን፣ ሙያውን ወይም በተዋጊ ክፍል ማገልገሉን ያሳያል፤ የሐኪም ፊርማ ያመጣል፤ በተኩስ ሜዳ ይሠለጥናል። ከጥቅምት 2023 ወዲህ መስፈርቱ ሰፍቷል፤ የሚያዘው የጥይት መጠንም ከ50 ወደ 100 ከፍ ብሏል። እርሱ በተዋጊ ክፍል ስላገለገለ ፈቃዱን ማግኘቱን፣ ዕብራይስጥ የማያውቁት አባቱ ግን መሠረታዊ ቋንቋ ማወቅ መስፈርት ስለሆነ ለማመልከት እንኳ አለመቻላቸውን ጻፈ። አባትየው በጎንደር ሳሉ የታወቁ ተኳሽ ነበሩ።

ከመልስ 23 እስከ 28 ያለው በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ወገን ከሁሉ የሚጠቅም ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መግዛት እንደሚችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ካልገጠመው በቀር እንደማይችል ተገለጸ። በሌላ ግዛት የተሰጠ የመታጠቅ ፈቃድ በዲሲም በሜሪላንድም አይሠራም፤ በዲሲ ያልተመዘገበ መሣሪያ መያዝ ራሱ ወንጀል ነው። ከቨርጂኒያ ወደ ዲሲ ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ቢሆንም ከሕጋዊ ባለቤትነት ወደ እስር የሚያሻግርም ነው። ዜግነት ላላገኘ ሰው ጣጣው በዚህ አያበቃም፤ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ ከአገር ለመባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል። በትዳር ውስጥ በተፈጸመ ቀላል የድብደባ ወንጀል የተፈረደበት ሰውም ከ1996 ወዲህ መሣሪያ መያዝ ተከልክሏል፤ መልስ 25 ላይ አንዲት ሴት ይህን በሁለት መስመር ጽፋ፣ ሽማግሌዎቹ ከማስታረቃቸው በፊት ይህን ሕግ ቢያነቡ እንደምትመኝ አከለች።

መልስ 26 ስለ ጫት ጠየቀ፤ ብዙ ሰው ሳቀ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከነጋዴ የሚገዛ ሰው የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ በሕግ የታገደ አነቃቂ ነገር ይጠቀም እንደሆነ ይጠይቃል፤ በለጋ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ በአሜሪካ ከታገዱት በጥብቁ ክፍል የተመደበ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየቃመ ሰኞ በቅጹ ላይ አልጠቀምም ብሎ የሚፈርም ሰው በፌዴራል ሰነድ ላይ ሐሰት ጽፏል። ስለ ጫት የጠየቀው ሰው በመልስ 28 ሳቁን አቁሞ አመሰገነ።

መልስ 29 ለእኔ የክሩ ከባዱ ነበር። ጸሐፊው ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው፤ አዋጁንም አንብቦታል። በእርሱ አካባቢ ጠመንጃ ለከብት፣ ለማሳ ድንበር፣ ለደም ነገር እንደሚፈለግ፣ በሠርግ የሚተኮሰውም ወደ ሰማይ ወጥቶ የት እንደሚወርድ ማንም እንደማይጠይቅ አልደበቀም። ነገር ግን ማስረዳት ያለበት ማን ነው የሚለው የእኔ ጥያቄ የሚያስረዱለት አካል መኖሩን አስቀድሞ የወሰደ መሆኑን አሳየኝ። የፖሊስ ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ቀበሌ ሰው ጠመንጃውን የማያስመዘግበው ሕጉን ስለሚንቅ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ከተጻፈ በኋላ ዝርዝሩ በማን እጅ እንደሚገባ ስለማያውቅ ነው። የነገ አስተዳዳሪ የዛሬውን መዝገብ ይዞ ትጥቅ ሊያስፈታው ይመጣል ብሎ ይሰጋል፤ ጎረቤቱ ሳይፈታ እርሱ ቀድሞ ቢፈታስ?

የሚገርመው፣ ለዚህ መልስ መጀመሪያ ምስጋና ያቀረበው የዳላሱ ሰው ነው። በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት አገር አቀፍ የመሣሪያ ባለቤቶች መዝገብ እንዳያቋቁም የሚከለክለው በዚሁ ስጋት መሆኑን በመልስ 30 ጻፈ፤ በዚህ ጊዜ ሎሌም ጌታም አላነሣም። እኔም በመልስ 31 መለኪያዬ ሁለተኛ እግር እንደሚጎድለው አመንሁ፤ ማን ያስረዳ ከሚለው ጋር፣ መዝገቡን ማን ይያዘው የሚለውም መጠየቅ አለበት። የፍራንክፈርቱ አዳኝ ካዝናውን ለእንግዳ የሚያሳየው መዝገቡን የሚይዘውን ስለማይፈራ ነው። ነርሷ በመልስ 32 ይህን ሁሉ ከተቀበለች በኋላ፣ መዝገብ የማይደርስበት ቤት ውስጥም መሳቢያ እንዳለ አስታወሰችን።

መልስ 33 አሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢው ነው። በመካከል የተባለውን ሁሉ ያነበበ አይመስልም። የሠሪው ምልክትና ዓመተ ምሕረቱ ብዙ ጊዜ ከአፈሙዙ ብረት ላይ፣ ወደ ሰደፉ በኩል ተቀርጾ እንደሚገኝ ጠቁሞ፣ ጠያቂው አባቱን ፎቶግራፍ እንዲያስነሣ ለመነው።

መልስ 34 የጠያቂው ነው። ታናሽ ወንድሙ ፎቶግራፉን ልኮለት ነበር። ቁጥሩ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ አያቱ በጠፍር ጠቅልለው የሰፉት ስለሆነ አይታይም፤ አባቱም ጠፍሩ እንዲፈታ አልፈቀዱም።